ጢማሙ ሰውዬ ማን ነው? ሎሚና ጨው የነካው የ1863 የነጋዴ ሳንቲም

ማሞ ዘኮሎምበስ
እሑድ፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ዓመት ያህል ጥግ ይዤ ሳነብ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የምጠይቀው ነገር ስላገኘሁ ልናገር።

ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ ኦሃዮ ውስጥ የአንድ ሟች አዛውንት ዕቃ በግቢያቸው ተዘርግቶ ሲሸጥ ደረስኩ። አንድ የሲጋራ ሣጥን በ12 ዶላር ገዛሁ፤ የገዛሁት ለሣጥኑ ብዬ ነው። ውስጡ ዝርክርክ ያለ ነበር፦ የወታደር ልብስ የሚመስሉ ቢጫ አዝራሮች፣ የሰዓት መጠምዘዣ፣ የተጣመመ ማንኪያ። ከሥር ሦስት ክብ ነገሮች ወጡ።

አንደኛው መዳብ ይመስላል። ፊቱ ላይ ጢማም ሰው አለ፤ 1863 ይላል። ጀርባው ላይ አረፋው የገነፈለ የቢራ ጃምቦ አለ፤ ዙሪያውን ካለው ጽሑፍ የሚነበበው «...ሙለር» እና «ኒው ዮርክ» ብቻ ነው። ፕሬዚዳንት መስሎኝ የአሜሪካን ፕሬዚዳንቶች ምስል አንድ በአንድ አየሁ፤ የሚመስለው አጣሁ። ከጃምቦ ጋር የተቀረጸ ፕሬዚዳንትም ያለ አልመሰለኝም።

ሁለተኛው አነስ ይላል፤ ባንዲራ አለበት። ጀርባው ላይ ባንዲራውን ሊያወርድ የሚሞክር ቢኖር በቆመበት ይተኮስበት የሚል ትእዛዝ ተጽፏል፤ ነገር ግን የመጨረሻዋ ቃል አንድ ፊደል ተደግሞባት «ስፖት» መሆን ሲገባት «ስፑት» ሆናለች።

ሦስተኛው ነጭ ነው፤ እንደ ላባ ይቀላል። የአንድ ሰው ስምና «በዕቃ ለ5 ሳንቲም ያገለግላል» የሚል አለበት። ከተማ የለም፤ ዓመትም የለም።

አሁን ወደ ኃጢአቴ ልምጣ። ድቁና ላይ ሳለሁ በበዓል ዋዜማ ጽናውን በሎሚና በአመድ እንወለውል ነበር። ጢማሙንም እንዲሁ በሎሚና በጨው አሸሁት። እንደ አዲስ ሽቦ አበራ። ደስ ብሎኝ ለአንድ ሳንቲም ሻጭ ባሳየው ፊቱን አጨማደደና ሳይነካው መለሰልኝ። ምን አጠፋሁ? ለመሆኑስ እነዚህ ምንድን ናቸው?


ተጠራጣሪው ቶማስ
እሑድ፣ ከምሽቱ 3:02

ባንዲራው ሐሰተኛ ነው። ፊደል የሚስት ሳንቲም የቱሪስት ማታለያ ነው። ነጩም ትናንት የተሠራ ይመስላል። ስለ ጢማሙ ሎሚው ከነካው በኋላ የማውቀው ነገር የለኝም።


ጋሽ መዳብ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4:30

ማሞ፣ እንኳን ደህና መጣህ። ቶማስን አትፍራው፤ ካልዳሰሰ የማያምን ሰው ነው፤ ሲዳስስም ጓንት ያደርጋል።

ጢማሙ ፕሬዚዳንት ሳይሆን ቢራ ሻጭ ነው። ጉስታቨስ ሊንደንሙለር ይባላል፤ ኒው ዮርክ ውስጥ የቢራ ቤት ነበረው። እዚያ ላይ ያለው መልክ የራሱ የባለቤቱ ነው ይባላል። ቢራ ሻጭ እንዴት ሳንቲም ላይ ወጣ ትለኝ ይሆናል። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ልንገርህ።

የእርስ በርስ ጦርነቱ በ1861 ሲጀመር ሰው ወርቁን ደበቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የኒው ዮርክ ባንኮች የወረቀት ገንዘብን በወርቅ መለወጥ አቆሙ። በ1862 መንግሥት ጀርባው አረንጓዴ የሆነውን ወረቀት ሲያወጣ የብር ሳንቲሞችም ከገበያ ጠፉ፤ በመጨረሻ ተራው የ1 ሳንቲሟ ሆነና እሷም ማሰሮ ውስጥ ገባች። ደንበኛው ወረቀት ይዞ ይመጣል፤ ባለሱቁ መልስ የለውም።

ሰው መጀመሪያ የያዘው የፖስታ ቴምብር ነበር። የቴምብር ጀርባ ሙጫ ነው፤ በላብ እጅ ሲዞር ውሎ ማታ ኪስ ውስጥ አንድ ጓል ሆኖ ይገኛል። ጆን ጎልት የሚባል ሰው በኦገስት 1862 ቴምብሩን ከፊት ማይካ በሚባል ብርሃን አሳላፊ ድንጋይ፣ ከኋላ በነሐስ አቅፎ የሚይዝ ክብ ቤት ሠርቶ የፈጠራ መብት አወጣበት። የነሐሱን ጀርባ ደግሞ ለማስታወቂያ ሸጠው፤ ዛሬ የምናገኘው አብዛኛው የኤየር መድኃኒት ቤትን ክኒንና ሽሮፕ የሚያወድስ ነው። ያንን ነሐስ የሚያመርትለት በኮነቲከት፣ ዋተርበሪ የነበረው የስኮቪል ፋብሪካ ነበር። ነገሩ ጥሩ ነበር፤ ግን ውድ ነበር፤ ቴምብሩ ብቻውን ሙሉ ዋጋውን ይበላል።

ስለዚህ ነጋዴው ወደ ቀራጭ ሄደ። ከመዳብ የተሠራች፣ የመንግሥቱን ሳንቲም የምታክል፣ የራሱን ስምና ሱቅ የያዘች ክብ ነገር አሠራ። ለመሥራት ከ1 ሳንቲም በታች ታወጣለች፤ በ1 ሳንቲም ትወጣለች፤ ማስታወቂያውም በነጻ ይዞራል። ጫማ ሠሪው፣ ፋርማሲው፣ ሥጋ ቤቱ፣ የሬሳ ሣጥን ሻጩ ሳይቀር አሠራ። ኒው ዮርክ፣ ኦሃዮ፣ ሚሺጋን፣ ኢንዲያና፣ ዊስኮንሲን በዚህ ተጥለቀለቁ። ሲንሲናቲ ደግሞ የቀራጮቹ መዲና ነበረች፤ እዚያው አጠገብህ።

ሊንደንሙለር ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሠራ። የሦስተኛው ጎዳና የፈረስ ባቡር ኩባንያ ከተሳፋሪ ሲቀበል ቆይቶ ሲከማችበት ወስዶ «ያንተ ነው፤ በገንዘብ ለውጥልን» አለው። ሳቀባቸው። የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም። ኮንግረስ በኤፕሪል 22፣ 1864 የግል የ1 እና የ2 ሳንቲም መሥራትን ከለከለ፤ በጁን 8 ደግሞ ማንኛውንም የግል ገንዘብ ከለከለ። የባቡሩ ነገር ለዚህ ሕግ አንዱ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ያንተ ጢማም እንግዲህ መንግሥትን ያስቆጣው ሰውዬ ነው።

ብዙ ስለተሠራ ከሁሉም በላይ ከሚገኙት አንዱ ነው። ስለዚህ ሎሚህ ያከሰረህ ከኪስህ ብዙ አይደለም፤ ከጢሙ ነው። ያያያዝኸውን ፎቶግራፍ አይቻለሁ፤ አገጩ አካባቢ የነበረው ቡናማ ጥላ በሙሉ ሄዷል። መዳብ በ160 ዓመት ውስጥ የሚያወጣው ቆዳ አለው፤ አሲድ ያንን ቆዳ ገሽልጦ ሮዝ ሥጋውን ያሳይሃል። ጽና ለአገልግሎት ይወለወላል፤ ሳንቲም ግን እንደ ብራና ነው፤ ብራና ማን በሎሚ ያጥባል?


ማሞ ዘኮሎምበስ
እሑድ፣ ከምሽቱ 4:51

ጋሼ፣ ብራናው ገባኝ። አፈርኩ። ባንዲራውስ?


ጋሽ መዳብ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:10

ባንዲራው የጆን ዲክስ ነው። በጃንዋሪ 1861 የገንዘብ ሚኒስትር ሳለ ወደ ኒው ኦርሊንስ በቴሌግራም ያስተላለፈው ትእዛዝ ነው፤ በሰሜኑ አፍ ሁሉ ገባ። በ1863 ቀራጮች ሳንቲም ላይ አዋሉት። አንደኛው ቀራጭ ቸኩሎ «ስፑት» ብሎ ቀረጸ፤ ስሕተቱ ሳይታረም ተመታ። ሰብሳቢ ሁሉ የሚያውቀው እውነተኛ ስሕተት ነው። ቶማስ ሆይ፣ ጣትህን ወዲህ አምጣ።

በርግጥ ይህ የነጋዴ አይደለም። የሱቅ ስም የሌለውን፣ ባንዲራና መፈክር ብቻ ያለውን የአርበኞች ሳንቲም እንለዋለን። ነገር ግን ቀራጩ አንድ ነው፤ አንዱን የብረት ማተሚያ ዛሬ ከባንዲራ ጋር፣ ነገ ከዳቦ ቤት ስም ጋር ያጣምረዋል። ሁለቱን ዘመዶች የምናውቃቸው በጋራ ጀርባቸው ነው።


ተጠራጣሪው ቶማስ
ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:40

ስለ ስፑት ተሳስቻለሁ። የነጩን ግን አልተውም።


የካዛንቺሱ ካሸር
ሰኞ፣ ከቀኑ 7:20

እናንተ አሜሪካ ተቀምጣችሁ ስለ ማርካ ይህን ያህል ትጽፋላችሁ? እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሆቴል ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ነበርኩ። አስተናጋጁ ብር ያስረክበኛል፤ እኔ ማርካ እሰጠዋለሁ፤ እሱ ማርካውን ለቡና ማሽኑ ሰው ይሰጣል፤ ማታ ማርካውና ቡናው ይቆጠራል። የማሞ ነጩ ብረት ይህ አይደለምን? «በዕቃ ለ5 ሳንቲም» ማለት ከእኔ ቤት ውጭ ገንዘብ አይደለህም ማለት ነው።

ዝርዝር ሲጠፋስ ሱቅ ሁሉ ማስቲካ ይሰጠን የለም? ማስቲካውን መልሰህ ብትወስድለት ግን አይቀበልህም። ሊንደንሙለር ማለት ያ ባለሱቅ ነው።


ወለተ መዝገብ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 1:05

ካሸር፣ ማርካ ያልኸው ነገሩን አሳጥሮልኛል፤ ከእንግዲህ እኔም ማርካ እላለሁ። ልዩነቱን ግን ልብ በሉልኝ። የ1863ቱ ከእጅ ወደ እጅ በከተማው ሁሉ እንደ ገንዘብ ዞሯል። «በዕቃ ያገለግላል» የሚለው ወገን ደግሞ የአንድ ቤት ማርካ ነው፤ የበዛውም ከጦርነቱ በኋላ ነው። አንድ መጠጥ፣ አንድ ዳቦ፣ አንድ ጢም መላጨት፣ አንድ የቢሊያርድ ጨዋታ። ሰውዬው በመልስ ፋንታ ይሰጥሃል፤ አንተም ሌላ ቤት እንዳትጠጣ ትታሰራለህ።

ማሞ፣ ነጩ ቀላል ነው ብለሃል። ሚዛን ላይ ካስቀመጥኸው ምናልባት 2 ግራም አይሞላም። አሉሚኒየም ነው። ይህ ብቻውን ዘመኑን ይነግርሃል። በጦርነቱ ጊዜ አሉሚኒየም ለቢራ ቤት የሚሆን ብረት አልነበረም። በ1884 የዋሽንግተን ሐውልት ሲያልቅ ከጫፉ ላይ የተቀመጠችው ትንሽ ፒራሚድ አሉሚኒየም ናት፤ ብርቅ ስለነበረ ነው የከበረችው። በ1886 ቻርልስ ሆል የተባለ ወጣት ብረቱን በኤሌክትሪክ በርካሽ የሚያወጣበትን መንገድ አገኘ፤ ያገኘውም እዚያው አንተ ባለህበት ኦሃዮ፣ ኦበርሊን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ዋጋው ወደቀና ማርካ ሠሪዎች ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ። ስለዚህ ያንተ ነጭ ከ1890ዎቹ በፊት ሊሆን አይችልም። ማንም «የጦርነቱ ዘመን አሉሚኒየም» ብሎ ሊሸጥልህ ቢሞክር ሰላም ብለህ እለፈው።

ከተማ የሌለበትን ማርካ ሰብሳቢዎች ማቨሪክ ይሉታል፤ በቴክሳስ ከብቱን ምልክት ሳይተኩስበት ከሚለቅ አንድ ባለጠጋ ስም የመጣ ነው። ምልክት አልባ በሬ ማለት ነው። ነጋዴው ከተማ ያልጻፈው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለማን ብሎ ይጽፋል? ባለቤቱን መፈለግ የእኛ ሥራ ነው። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህንን ነው፤ የሚያበራ ሳንቲም ለሌሎች ይሁን።

መንገዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ የከተማ ማውጫ ታያለህ፤ በዚያ ዘመን ከተሞች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የነዋሪውን ስም ከነሥራውና ከነአድራሻው ያትሙ ነበር። ቀጥሎ የ1900 የሕዝብ ቆጠራ። የ1890ውን አትድከምበት፤ በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል። ቀጥሎ የሳንቦርን የእሳት መድን ካርታዎች፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በብዛት በኮምፒውተር እንዲታዩ አድርጓቸዋል። እያንዳንዱ ሕንጻ የተሠራበት ነገር በቀለም ይለያል፤ ጡብ ሮዝ፣ እንጨት ቢጫ። መጠጥ ቤት ከሆነ «ሳሉን» ከሚለው ቃል ያጠረ «ሳል» የሚል ምልክት ታገኝበታለህ። የአገሬው ሰው አሉሚኒየም ላይ ያልጻፈውን ከተማ የመድን ሠራተኛው በወረቀት ላይ ጽፎልሃል።


ተጠራጣሪው ቶማስ
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:33

በአሉሚኒየሙ ተስማምቻለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ልጨምር፤ አዲስ ገቢ ሁሉ የሚወድቅበት ጉድጓድ ነው። የምዕራቡን ከተማ ስም፣ የቤቱን ስም፣ የእመቤቲቱን ስምና በገንዘቡ የሚገኘውን የሴት ወዳጅነት ሁሉ ዘርዝሮ የሚጽፍ ነሐስ ካያችሁ ቅዠት ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን ለቱሪስት ተፈበረከ። ማሞ፣ የእውነተኛው ማርካ ጠባይ ያንተ ነጭ ነው፤ ቁጥብ፣ ምንም የማያስረዳ። ታሪኩን በሙሉ በራሱ ላይ የሚያወራ ብረት አትመኑ።


ማሞ ዘኮሎምበስ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:00

ሱስ ያዘኝ። ቀጥሎ ምን ልግዛ? ደግሞስ ከጦርነቱ በፊት አልነበረምን?


ጋሽ መዳብ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:12

ነበረ እንጂ። የጃክሰን ዘመን በለው፤ እኛ የችግር ዘመን ሳንቲም እንለዋለን። ፕሬዚዳንት ጃክሰን በ1832 የሁለተኛውን የአሜሪካ ባንክ ፈቃድ እድሳት በፕሬዚዳንትነት ሥልጣኑ ሻረ፤ በ1836 ደግሞ የመንግሥት መሬት በወርቅና በብር ብቻ ይገዛ አለ፤ በሜይ 1837 ባንኮች መለወጥ አቆሙ። ያኔም ዝርዝር ጠፋ። የዚያን ጊዜው ሳንቲም ግን ትልቅ ነው፤ 28 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እጅ የሚሞላ መዳብ። በአንዱ ጎን ባለ አክሊል ሴት፣ በሌላው ትልቅ ሆኖ «አንድ ሳንቲም» የሚል ታነባለህ። ወንጀል ነው ብለህ ስትደነግጥ ከላይ በትንሹ «እንኳ አይደለም» የሚል ታገኛለህ። «ለመከላከያ ሚሊዮኖች፣ ለግብር ግን አንድ ሳንቲም እንኳ አይደለም» የሚለውን የ1798 መፈክር ጋሻ አድርገው ነው ከሐሰተኛ ገንዘብ ክስ ያመለጡት። እንደ ቅኔ ነው፤ ሰሙ ሳንቲም፣ ወርቁ መፈክር።

ከእነሱ ውስጥ እኔ የምሳሳለት የሉዊስ ፎይክትቫንገርን ነው። ባቫሪያ ተወልዶ ኒው ዮርክ ላይ መድኃኒትና ማዕድን የሚሸጥ ኬሚስት ነበር። መዳብ፣ ኒኬልና ዚንክ ቀላቅሎ ብር የሚመስል ብረት ሠራና በ1837 የ1 ሳንቲም አድርጎ አወጣው፤ ንሥር እባብ ላይ ቆሞ። ትንሽ ነው፤ ከዛሬው የአሜሪካ 1 ሳንቲም ጥቂት ያንሳል። ለኮንግረስ «ያን ከባድ መዳብ ትታችሁ ይህን ተቀበሉኝ» ብሎ አመለከተ። አልተቀበሉትም። ሃያ ዓመት ቆይተው በ1857 ራሳቸው ትልቁን መዳብ አስቀርተው ኒኬል የተቀላቀለበት ትንሽ ሳንቲም አወጡ። እንዲህ ያለ ነገር በ1864ም ተደግሟል። የገንዘብ ማተሚያው ኃላፊ ጄምስ ፖሎክ ሕዝቡ የነጋዴዎቹን ቀጭን መዳብ ሳይነቅፍ መቀበሉን አይቶ የመንግሥቱም ሳንቲም እንዲሁ ይሁን አለ፤ ነጋዴውን በከለከለው በዚያው የኤፕሪል ሕግ ሳንቲሙ 95 በመቶ መዳብ ሆነ። ሰውዬውን አሰሩት፤ ልብሱን ለበሱት።

ምን ልግዛ ላልኸው፦ የሲንሲናቲ ጀምር። ርካሽ ነው፣ ቅርብህ ነው። ሻጮች ቁጥር ሲጽፉልህ አትደናገር፤ ፉልድ የተባሉ አባትና ልጅ ያወጡት አሠራር ነው። ክፍለ ሀገሩ፣ ከዚያ ከተማው በቁጥር፣ ሲንሲናቲ 165፣ ኒው ዮርክ 630፤ ከዚያ ነጋዴው በፊደል፤ መጨረሻ ላይ ያለችው ትንሽ ፊደል የብረቱን ዓይነት ትነግርሃለች።


ወለተ መዝገብ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:40

ጋሼ፣ የ1838ቷን ዘለሏት። በሰንሰለት የታሰረች ተንበርካኪ ሴት፣ «እኔስ ሴትና እኅት አይደለሁምን?» የምትለውን። ኒው ጀርሲ፣ ቤልቪል ላይ ተመታች፤ የባርነት ተቃዋሚዎች መቶውን በ1 ዶላር ይሸጡ ነበር።


ጋሽ መዳብ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:58

አልዘለልኳትም። የነጋዴ አይደለችም ብዬ ነው።


ወለተ መዝገብ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:06

ስፑትም የነጋዴ አልነበረም፤ ሁለት አንቀጽ ጽፈውለታል። ሱቅ ሁሉ በመልስ እየሰጠ ያዞራት ሳንቲም ናት። ባርነትን የሚደግፍ ሰው ዳቦ ገዝቶ መልሱን ሲቀበል እጁ መዳፍ ላይ ይህች ሴት ነበረች። ከዚህ የበለጠ ንግድ የት አለ?


ጋሽ መዳብ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 5:20

ተረታሁ።


አወያይ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3:00

ከአንዲት አባል በግል ጥያቄ ደርሶኛል፤ እዚህ ይመለስ። ለስላሳና ሽታ ያለው የፕላስቲክ ኪስ መዳብ ላይ አረንጓዴ ዝልግልግ ያወጣል፤ ያ ኪስ ይጣል። የያዘውን አረንጓዴ ዝልግልግ አሴቶን ያወርደዋል፤ መስኮት ይከፈት፣ ምድጃ ይጥፋ፣ አይፈተግ። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ የጥርስ ሳሙና፣ አመድ በዚህ ክር ዳግመኛ እንዳይነሡ።


ማሞ ዘኮሎምበስ
ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ

ተመለስኩ። ነጩን መዘንኩ፤ 1.4 ግራም። የእኅቴን የወለተ መዝገብን መንገድ ይዤ የኦሃዮ ከተሞችን ማውጫ ሌሊት ሌሊት ስገልጥ ከረምኩ። ስሙን ለጊዜው አልጽፍም፤ ገና ዘመዶቹን እየፈለግሁ ነው። በሁለቱም የስም መነሻ ፊደላት የሚስማማው ሰው አንድ ብቻ ሆነ፤ በኦሃዮ ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ። በ1897 ማውጫ «መጠጥ ቤት» ተብሎ ተጽፏል። በ1899ም እንዲሁ። በ1902 በዚያው ቤት ቁጥር ላይ የሴት ስም ብቻ አለ፤ ከጎኑ «የእገሌ ባልቴት» ይላል። የሥራ ዓይነት አልተጻፈላትም።


ተጠራጣሪው ቶማስ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:15

አንድ ምስክር አይበቃም። ካርታው?


ማሞ ዘኮሎምበስ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:31

ካርታው ላይ ማዕዘን ላይ ያለ ቢጫ ሕንጻ ነው፤ እንጨት። «ሳል» ይላል። ከጀርባው በረንዳ አለው፤ በረንዳው ወደ ወንዙ ነው።


ተጠራጣሪው ቶማስ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9:34

እሺ።


ጋሽ መዳብ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 1:50

ማሞ፣ እጅህ ይባረክ። አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲከነክነኝ ቆይቷል። ሣጥኑ ውስጥ ቢጫ የወታደር አዝራሮች አሉ ብለህ ነበር። ገልብጠህ ጀርባቸውን አይተሃል? በማጉያ መነጽር ዙሪያውን አንብብልኝ።


ማሞ ዘኮሎምበስ
ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2:26

ሰባት ናቸው። ሁለቱ ላይ ምንም አይነበብም። አምስቱ ላይ «ስኮቪል፣ ዋተርበሪ» ይላል። ሎሚ አላስነካኋቸውም።